መድኃኒት ሻጩ ጠይቆኝ ነበር

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ በዋናው መዝገብ ላይ የሰፈረ
ዕድሜ፦ 44 ዓመት
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባ፣ ልጅ የሌለው
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በብረት በሩ ላይ የመቀስ ሥዕል ያለበት ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ
ቃሉን የተቀበሉት፦ የጣቢያው መርማሪ ሳጅን
ጉዳዩ፦ ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት በመሸጥ የሰው ሕይወት እንዲያልፍ ምክንያት መሆን

እኔ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ አቤቱታ ባቀረበችው በባለቤቴ በኩል ተቆጥሬ የቀረብኩ ስሆን፣ ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት የምናገረው ነገር ወደ ራሴ የሚዞር መሆኑን ለመርማሪው ነግሬአቸዋለሁ። እሳቸውም ዝም የማለት መብት እንዳለኝ አስረድተውኝ፣ ጥቂት አስቤ መናገሩን መርጫለሁ።

ሟች የባለቤቴ እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሰባት ዓመት ነበር። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል። የምሠራው በመኖሪያ ቤታችን የፊት ክፍል ነው። እሳቸው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ በባለመደገፊያ ወንበር ተቀምጠው ቁልፍ ይተክሉልኝ ነበር። እጃቸው የጠና ስለነበረ ደንበኞቼ ሱሪው አልቆ ቁልፉ ይተርፋል እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት። በከተማችን ሆስፒታል መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ አንድ ሽማግሌ ከሁለት ሐኪሞች የተሰጣቸውን ሁለት ማዘዣ በተለያየ ቀን ይዘው መጥተው፣ መድኃኒቱን ከእሷ እጅ ወስደው ሞቱ። ሁለቱ መድኃኒቶች የማይስማሙ መሆናቸውን የሰማችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም ተብሏል። እሷ ግን ብዙ ቀን ምግብ አልበላ ብሏት ነበር። «በመስኮት በኩል የሚታየው እጅ ብቻ ነው። ሰውየውን አይቻቸው አላውቅም» ብላኛለች። ለሆስፒታል ፋርማሲስቶች የሚሰጠውን የሬዚደንሲ ሥልጠና መግቢያ ፈተና የተፈተነችው ከዚያ በኋላ ነው። አለፈች። ሥልጠናው ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ የሚሰጠው በአውቶብስ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ፋርማሲስቱ ከሐኪሞቹ ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞረ፣ የታዘዘው መድኃኒት ለዚያ ሰው ልክ መሆን አለመሆኑን እያየ የሚማርበት መሆኑን እሷ ነግራኛለች።

ስትሄድ ነጭ ጋዋን ሰፍቼላታለሁ። እማማ ቁልፉን ተከሉ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከብዷት ነበር። አንድ ሐኪም ሕሙማን በሚጎበኙበት ዙር ላይ ቆማ ሲያያት ፋርማሲው ታች ነው፣ መንገዱ ጠፍቶሽ ነው ወይ እንዳላት በስልክ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ያው ሐኪም ማዘዣ ሲጽፍ እሷ አይታዋለች ወይ ብሎ ሳይጠይቅ እንደማይፈርም ሰማሁ። እማማ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ። «ልጄ መጀመሪያ መድኃኒት ውሰዱ ማለት ተማረች፤ አሁን ደግሞ አትውሰዱ ማለት እየተማረች ነው፤ ሦስት ዓመት የፈጀባት ሁለተኛው ነው» ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ እማማ እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ሆስፒታል ተኙ። የልባቸውም አመታት የተዛባ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ባለቤቴ ሥልጠናዋን አቋርጣ መጥታ ሁለት ወር አስታመመቻቸው። ስትመለስ የሥልጠናው ኃላፊዎች ያለፈውን ጊዜ ማካካስ እንዳለባት፣ ዳግመኛ ብታቋርጥ ግን ከሥልጠናው እንደምትሰናበት በጽሑፍ አስታወቋት። ደብዳቤውን ለእኔ ስታነብ እማማ ሰምተዋል። በማግስቱ ቁልፍ እየተከሉ፣ ከእንግዲህ ብታመምም ባልታመምም ደህና ነኝ እንደምል እወቅ አሉኝ። እንደ ቀልድ አየሁት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሟች በየቀኑ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ ነበር። በየወሩ በከተማችን ሆስፒታል ደማቸው ይመረመራል። «አቅጥናችሁ አቅጥናችሁ በመርፌህ ቀዳዳ ልታሾልኩኝ ነው» ይሉኝ ነበር። ባለቤቴም በሁለተኛው ዓመት ይህንኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን በሚታዩበት ክሊኒክ ተመደበች። የማጠናቀቂያ ሥራዋን የሠራችው በዚያ ነው። መድኃኒቱ ጥቂት ሲያንስ ደም እንደሚረጋ፣ ጥቂት ሲበዛ ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጋጭ ደግሞ ሰው ውስጥ ለውስጥ ደም ፈሶት እንደሚሞት ነግራኛለች። እሷ ያደረገችው ለሕሙማኑ በየሳምንቱ ስልክ ደውላ መጠየቅ ነው። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ነስር አለ? ድድ ይደማል? ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? በዚህ ሳምንት ሌላ መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻም ቢሆን፣ ተወስዷል? በዚህ አሠራር ደም ፈሷቸው የሚመለሱ ሰዎች ቁጥር በግማሽ ቀንሷል።

እነዚህን ጥያቄዎች በቃሌ የማውቀው እናቷንም ስለምትጠይቅ ነው። በየእሁዱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች። መጀመሪያ እማማን ትጠይቃለች፤ ቀጥሎ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጡኝ አድርጋ ያንኑ እኔን ትጠይቀኛለች። «አንቺ ትደብቂያለሽ፤ እሱ አይደብቀኝም» ትላቸው ነበር።

የማጠናቀቂያ ፈተናዋ ሐሙስ ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እማማን ጉልበታቸውን አመማቸው። ከወንበር ሲነሱ ማሽኑን ይደገፉ ጀመር። ዓርብ ጠዋት ከመነጽር ማኅደራቸው ውስጥ ባዶ የክኒን ልባስ አውጥተው ሰጡኝ። ደም ማቅጠኛውን ከመጀመራቸው በፊት ለጉልበታቸው ይወስዱት የነበረ የሕመም ማስታገሻ ነው። ይህን ግዛልኝ አሉኝ። ሆስፒታል እንሂድ አልኳቸው። የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ የልጄ ባልደረባ ነው፣ ገና በሩን ሳልገባ ይደውሉላታል፤ እሷም ያለችበትን ትታ ትመጣለች አሉ። ልክ ነበሩ። ከዚህ ደም ማቅጠኛ ጋር ይስማማ ይሆን ወይ አልኳቸው። ሐሙስ እስኪያልፍ ብቻ ነው አሉኝ።

በዚያው ዕለት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። አሁን በተጠርጣሪነት የተያዘውን መድኃኒት ሻጭ ከአሥር ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ባለቤቴን እህቴ ይላታል፤ የሚጠራጠረው ነገር ሲኖር ደውሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። እማማም ምን እንደሚወስዱ ያውቃል። ስለዚህ ለእሳቸው ነው ብዬ ብጠይቀው እንደማይሰጠኝ፣ እንዲያውም ወዲያው ወደ ባለቤቴ እንደሚደውል አውቄአለሁ። ባዶውን ልባስ አሳይቼ፣ ለራሴ ነው፣ ማሽን ላይ ጎንበስ ብዬ ስውል ወገቤን ይዞኛል አልኩት።

መድኃኒት ሻጩ ጠይቆኛል። ጨጓራ እንዳለብኝ ጠየቀ፤ የለብኝም አልኩ። ግፊት ጠየቀ፤ የለብኝም አልኩ። ቀጥሎ በትክክል የማስታውሰውን ይህን ጠየቀኝ፦ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይነካውም ጠብቅ፤ ለእማማ መርዝ ነው።» የለም፣ እጠብቃለሁ ብዬ መለስኩ። አንድ ልባስ ሰጠኝ። ምግብ በልተህ ውሰድ ብሎ በመሸፈኛው ላይ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። መርዝ ነው ማለቱን ለማንም ሳልናገር ቆይቼ ዛሬ በዚህ ክፍል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እማማ ጠዋትና ማታ ይወስዱ ጀመር። ጉልበታቸው ተሻላቸው። እኔም መድኃኒት ቤት ሰው ማስፈራራት ልማዱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሦስተኛው ቀን እሁድ ባለቤቴ ደወለች። እማማ ለሁሉም ጥያቄ የለም አሉ። እኔም የለም አልኩ። በስድስተኛው ቀን ረቡዕ ክኒኑ ስላለቀ ተመልሼ ሄጄ ሁለት ልባስ ጨመርኩ። ሻጩ ወገብህ እንዴት ሆነ አለኝ፤ ደህና ነው አልኩ። ቀጥዬ ወገቤን ያዝ አድርጌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት እማማ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ አየሁ። ምን ሆኑ ብዬ አጥብቄ ስጠይቃቸው ጥቁር ነው አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ጥያቄውን ከአንድ ዓመት በላይ በየሳምንቱ ስጠየቅ የኖርኩ ሰው ነኝና አልገባኝም ልል አልችልም። ክኒኑን እንዲተዉት ነገርኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላቸው ግን እጄን ይዘው፣ «አምስት ቀን ነው የቀራት። ሦስት ዓመት ለብቻዋ ተንገላትታ፣ በእኔ ሆድ ምክንያት ይቅርባት? ሐሙስ ማታ ራሴ እነግራታለሁ፤ ያን ጊዜ ወዴትም ውሰደኝ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ።

እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እማማ ድምፃቸውን አስተካክለው አወሯት፤ አሳቋትም። ስልኩ ወደ እኔ መጣ። ሰገራቸው ጠቁሯል ወይ አለች። የለም አልኩ። ሌላ መድኃኒት ወስደዋል ወይ አለች። የለም አልኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንተ ባትኖር እዚህ ባልደረስኩ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ፤ ያን ቀን የሰፋሁትን እጅጌ በማግስቱ ፈታሁት።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ ወደቁ። ጎረቤት በመኪናው ወደ ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሙ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ ወይ ሲሉኝ ከወንበራቸው ሥር አንሥቼ ኪሴ ያደረግሁትን ሁለተኛውን ልባስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ግማሹ ባዶ ነበር፤ እማማ ትቼዋለሁ ካሉኝ በኋላም ሲወስዱት እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ይህን ማን ሰጣቸው ተብዬ ተጠየቅሁ። ከመናኸሪያው መድኃኒት ቤት የተገዛ ነው አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ ያልተናገርኩት የቀረውን ነው። ሐኪሙ በካርዱ ላይ የጻፉት ይህንኑ ነው፤ በሻጩ ላይ ለቀረበው አቤቱታ መነሻ የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣቸው። ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ትንሽ ነቅተው ደውለሃል ወይ አሉኝ። አልደወልኩም አልኩ። ነገ ነው፣ ነገ ከሰዓት በኋላ አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት አልገባኝም። ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ አረፉ።

ለባለቤቴ በዚያን ዕለት አልነገርኳትም። የሆስፒታሉ ባልደረቦቿንም እንዳይደውሉላት ለመንኳቸው። ሐሙስ ማለዳ ወደ ፈተናው ከመግባቷ በፊት ራሷ ደወለች። እማዬን ላናግራት አለች። ተኝተዋል አልኳት። አትቀስቅሳት፣ በርቺ ብላኛለች ብዬ እገባለሁ አለችኝ። ይህን ማድረጌ ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያው ዕለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ደወለች። «አለፍኩ። ፈታኞቹ ቆመው ነው ያጨበጨቡልኝ። በል እማዬን ስጠኝ» አለች። እኔ በዚያን ሰዓት በሬሳ ክፍሉ ደጃፍ ቆሜ ነበር። እናትሽ ትናንት አርፈዋል አልኳት። ከኋላዋ ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ይሏታል። ትናንት በስንት ሰዓት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ታዲያ ዛሬ ጠዋት ተኝታለች ያልከኝ አንተ ነህ?» አለች። ነኝ አልኩ። ስልኩ ተዘጋ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ደረሰች፤ ከሰዓት በኋላ ቀበርን። ሰኞ ከእናቷ ትራስ ሥር የቀረውን ባዶ ልባስ አገኘች። ይዛው ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። ሻጩ፣ ባልሽ ለራሴ ነው ብሎ ነው ከእኔ የገዛው ብሎ ነገራት። ተመልሳ መጥታ ይህ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ማለት አቃተኝ። «እኔ ወገቤን አሞኝ ያውቃል?» አልኳት። ወገቤን አሞኝ አያውቅም። እሷም ሻጩ ለእናቷ ሸጦ ነው የዋሸው ብላ አምና ከዚህ በላይ አልጠየቀችኝም፤ ተነሥታ መጥታ አቤቱታዋን አስመዘገበች። በማግስቱ ሻጩ ተያዘ፤ መድኃኒት ቤቱም ታሸገ። በበሩ ሳልፍ እሽጉን ላለማየት መንገድ ማቋረጥ ጀመርኩ። ዝም ያልኩት እስር ፈርቼ አይደለም። እሷን ማጣት ፈርቼ ነው።

ዛሬ ለመናገር የወሰንኩበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ደብዳቤ ጽፋ፣ የተሳሳተ ፊደል ካለ እይልኝ ብላ ማሽኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የተጻፈው ሥልጠናውን ለሚመራው ክፍል ነው። ሥራዬ የተመሠረተው በስልክ የተጠየቀ ሰው እውነቱን ይመልሳል በሚል ነው፤ የገዛ እናቴንና ባለቤቴን በየሳምንቱ ጠይቄ የለም እየተባልኩ እናቴ በዚያው ምክንያት ሞታለች፤ ስለዚህ ጥያቄዎቼ ዋጋ የላቸውም፤ ሥራዬ ይሰረዝ፤ የምስክር ወረቀቱም አይሰጠኝ ይላል። ከታች ደግሞ ወደ መስኮቴ እመለሳለሁ ብላ ጽፋለች። አንድም የተሳሳተ ፊደል አላገኘሁም። እማማ ይህ እንዳይሆን ብለው ነው ደማቸው እየፈሰሰ ያሳቋት። ጥያቄዎቹ ትክክል ነበሩ። ሟችና እኔ ሕመማቸውን ደብቀን የተበላሸው መልሱ ነው፤ መልሱን የሰጠሁትም እኔ ነኝ። አንድ ሰውም የሌለበትን ጥፋት ተሸክሞ ሳምንት ሙሉ ታስሯል። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ አደረግሁት። አልተላከም፤ ለመርማሪው አሳይቻለሁ።

ስለዚህ መድኃኒት ሻጩ ሊጠይቅ የሚገባውን ሁሉ ጠይቆኛል፤ ሊያስጠነቅቅ የሚገባውንም አስጠንቅቆኛል። ክኒኑ ያለ ማዘዣ ሊሸጥ የሚችል መሆን አለመሆኑን ሕጉ ያውቃል፤ እኔ የምመሰክረው ለእኔ እንጂ ለሟች እንዳልሸጠ ነው።

ቃሌ ተጽፎ እንዳለቀ ባለቤቴ ከውጭ ተጠርታ እንድትገባና ከእኔ ጋር እንድትሰማ ጠየቅሁ። መርማሪው ፈቅደው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ ሰምታለች። ሟች ሕመማቸውን ደብቀው የሚል ቃል ተጽፎ ስለነበር፣ ሟችና እኔ ደብቀን ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። ባለቤቴ አላለቀሰችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥቆሩ የጀመረው በየትኛው ቀን ነው አለች። ቅዳሜ አልኳት። «ቅዳሜ ብትነግረኝ ትድን ነበር» አለችኝ። ድምፅዋ ለሕመምተኛ እንደሚናገር ሰው ዝግ ያለ ነበር። አውቃለሁ አልኳት። ደብዳቤዋን ከእጄ ተቀብላ ቀደደችው። ከዚያ በሻጩ ላይ ያቀረበችውን አቤቱታ ለማንሳት ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዳለች። ከዚህ ስወጣ ትጠብቀኝ አትጠብቀኝ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ምንም ቃል ሳይገባልኝ ነው። ለሟች ክብር ብዬ የጨመርኩት፣ ለራሴ ብዬም የቀነስኩት የለም። ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ በየገጹ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ሲነበብ የሰማች፣ የምስክሩ ባለቤት ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ያበቃበት ሰዓት፦ 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ